ግሪክንና ሮምን ከደጃፍሽ ጀምሪ

ልጄ፣ የጥንት ግሪክንና ሮምን ባህል ማጥናት እንደምትፈልጊ ከአባትሽ ሰምቻለሁ። «ከጎጃሟ ቁይ ተነሥታ እሷን ከሮም ጋር ምን አገናኛት?» የሚሉ እንዳሉም ሰምቻለሁ። ብዙ የሚያገናኝሽ ነገር አለ። ቅኔ ቤት ያደግሁ፣ ኋላም ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ አጎትሽ ነኝና የማውቀውን በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሻለሁ። ነገሩ በሰፋበት ሰፋ አድርጌ፣ ባጠረበት አሳጥሬ አልፌዋለሁ። ከሁሉ በላይ እንድትይዥልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወደዚህ ትምህርት የምትገቢው ድርሻ እንዳለው ወራሽ ነው። ድርሻሽን ግን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ እወቂው።

፩. ከቁጥሩ ጀምሪ

የዚህን ምክር ተራ ቁጥር በግእዝ የጻፍሁት አስቤበት ነው። ፩ን ልብ ብለሽ እዪው፤ የግሪኩ አልፋ ነው። ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ ናቸው። ፱ ቴታ፣ ፲ ዮታ፣ ፳ ካፓ፣ ፻ ደግሞ ሮ ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን በተራ እየወሰዱ ይቆጥሩበት ነበር። የአክሱም ጸሐፊዎች ያንን ተቀብለው ከላይና ከታች ሰረዝ አበጁለትና የራሳቸው አደረጉት። ከሁሉ የሚደንቀኝ የ፮ እና የ፺ ነገር ነው። ሁለቱም ግሪኮች በንባብ የተዉአቸው፣ ለቁጥር ብቻ ያስቀሯቸው አሮጌ ፊደላት ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም የዳዊቱን መዝሙር ይቆጥራሉ።

በአካባቢያችን የኔታ ፊት ተቀምጦ ቁጥር የሚማር ሕፃን ሳያውቀው የግሪክ ፊደል እየጻፈ ነው። አንቺ አውቀሽ ጻፊው። የግሪኩን ፊደል በአንድ ዓምድ፣ የእኛን ቁጥር በሌላው አድርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ግማሹን የግሪክ ፊደል በአንድ ቀን ትለያለሽ።

፪. ባሕረ ሐሳብን ተማሪ፤ እርሳስ ይዘሽ

በዓላት በሚወጡበት በዚህ ቀመር ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የግሪክን የሥነ ፈለክ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ በመጽሐፍ የሚያነበውን ነገር፣ የእኛ መሪጌቶች በየዓመቱ አውደ ዓመት ሲደርስ ይሠሩበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወሮች ግን 354 ቀን ብቻ ይሆናሉ። በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ይህ ትርፍ እየተጠራቀመ ሄዶ በ19ኛው ዓመት ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ሜቶን የሚባል የአቴንስ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ግድም ይህን የ19 ዓመት ዑደት በአገሩ አቆመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ካሊፖስ የሚባለው አራቱን አንድ ላይ አድርጎ 76 ዓመት አደረገው። እኛ 19ኙን ንዑስ ቀመር፣ 76ቱን ማኅተም፣ 532 ዓመት የሚፈጀውን ትልቁን ዑደት ደግሞ ዐቢይ ቀመር እንላቸዋለን። እስክንድርያ ላይ የግሪክ የሰማይ ቆጠራና የክርስቲያን በዓል ተገናኙ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ትሰጠዋለች። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ሥርዓትም ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ እዚያው እስክንድርያ የተደነገገ ነው።

አሁን 2018ን ሥሪ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ደምሪበት፤ 7518 ይሆናል። ለ19 ስታካፍዪው 13 ይተርፋል። አንድ ቀንሺለት፤ 12 ቀረ፤ ይህ ወንበሩ ነው። ወንበሩን በ11 አባዢና ሠላሳ ሠላሳውን ግደፊ፤ 132 ሆኖ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አባዢና ሠላሳውን ግደፊ፤ 228 ሆኖ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ከሆኑ ሥራሽ ትክክል ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበረ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመርበት ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9፣ 34፤ ሠላሳውን ስትገድፊ 4 ይቀራል። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

አቴንስም በዚያው ዕለት ነው ፋሲካን የሚያከብረው፤ የግሪክ ኦርቶዶክስና የእኛ ትንሣኤ ከአንድ ቀመር ስለሚወጡ አይለያዩም። ባሕረ ሐሳብን በቃልሽ ከያዝሽ የግሪክ ሳይንስ እንዴት እንደሚያስብ በእጅሽ ሠርተሽ አየሽው ማለት ነው። ሌላው ተማሪ በዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው።

፫. ቋንቋውን ካልያዝሽ አትግቢበት

በትርጉም ብቻ ግሪክን አውቃለሁ የሚል ሰው፣ ቅኔን ፍቺው ተነግሮት አውቃለሁ እንደሚል ነው። ወርቁን ነገሩት እንጂ ከሰሙ ውስጥ ሲወጣ አላየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ግእዝሽን አጽኚ። ከዚያ ግሪክ፤ ላቲን በመጨረሻ።

ግእዝ የምልሽ ለአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ቅኔ ቤት ግሥ መግረፍ ምን እንደሆነ አባትሽን ጠይቂው። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ እያለ ከነርባታው ሌሊት ሲወጣ ሲወርድ ያደረ ሰው፣ የግሪክ ግሥ በጊዜና በባለቤት ሲለዋወጥ አይደነግጥም። ስሙ ተሳቢ ሲሆን መልኩን እንደሚለውጥ፣ የቃል ቦታ ተዘዋውሮ ትርጉሙ ሳይፋለስ እንደሚቆም ቅኔ አስተምሮታል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ብዙ ወራት ይለፋል።

ለሴት ቅኔ ቤት አልተፈቀደም የሚልሽ ካለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ጥሪለት። የጎጃም ልጅ ናቸው፤ ዓይናቸው ሳያይ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ደቀ መዝሙር ቅኔ አስተምረዋል።

፬. የሆሜር ኢትዮጵያ ጎጃም አይደለችም

በኢሊያድ መጀመሪያ ዜውስ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል። በኦዲሴይም ፖሰይዶን እነሱ ዘንድ ነው። ይህን ይዞ ደረቱን የሚነፋ ብዙ ነው። በዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ ወዲህ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ፣ ከዚያም ይበልጥ ኩሽንና መርዌን ነበር። ስሙን ለራሱ ሕዝብ በግሪክኛ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን በጥንቃቄ ያዢው። «ግሪኮች ሁሉን ከእኛ ሰረቁ» የሚለውም፣ «እኛ ከግሪክ በቀር ምንም የለንም» የሚለውም መጽሐፍ ሳይገልጥ የሚናገር ሰው ነው።

ደስ የሚል ነገር ከፈለግሽ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ወደ ሰሜን ቀና በዪ። ካሲዮፔያ የሚሏት የከዋክብት ስብስብ በግሪክ ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ ባሏ ኬፌዎስና ልጇ አንድሮሜዳም አጠገቧ አሉ።

፭. ድንጋዩን አንብቢ፣ ያነበብሽውን ገልብጪ

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ወደቦች የዞረ፣ ስሙን ያልተወልን አንድ ነጋዴ የንግድ መመሪያ ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ ዞስካሌስ የሚባል የአዱሊስ ወደብ አካባቢ ገዥ ተነሥቷል፤ በገንዘቡ ንፉግ፣ ነገር ግን የግሪክ ንባብ ያለው ሰው እንደሆነ ይመሰክርለታል። ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ አንሥቶ ገንዘብ ሲቀርጹ ጽሑፉ ግሪክኛ ነበር። ኋላ የብሩና የመዳቡ ወደ ግእዝ ሲዞር የወርቁ በግሪክኛ ቀጠለ፤ ወርቁ ባሕር የሚሻገር ገንዘብ ነበርና። ኢዛና ድሉን በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ባንድ ድንጋይ ሲያስቀርጽ ለቤትም ለውጭም እየተናገረ ነው።

አሁን ከዚህ ለሥራሽ የሚሆነውን ልንገርሽ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአክሱሙ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሒምያር ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበረ። እዚያ ሁለት የቆዩ የግሪክኛ ጽሑፎች ነበሩ፤ አንዱ የግብፁ ንጉሥ የሦስተኛው ቶለሚ፣ ሌላው የአንድ የአክሱም ንጉሥ። በንጉሡ ትእዛዝ ኮስማስ ገለበጣቸው። ድንጋዮቹ ጠፉ። ዛሬ ዓለም የሚያነበው የኮስማስን ግልባጭ ነው። አንድ ነጋዴ ጊዜ ወስዶ ባይጽፍ ኖሮ ይህ የታሪካችን ምዕራፍ አይኖርም ነበር።

አንቺም እንደ ኮስማስ አድርጊ። ዲማ ጊዮርጊስ ስትሄጂ፣ ደብረ ወርቅ ስትሳለሚ፣ ብራና ባየሽበት ቦታ ሁሉ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደሽ የመጽሐፉን ስም፣ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ በኅዳጉ ያለውን ማስታወሻ በደብተር ያዢ። ካልፈቀዱ ተዪው። ብራና «እንግዛ» የሚል ሰው ከጎንሽ ካየሽ ደግሞ ለሽማግሌ ተናገሪ።

መርጡለ ማርያም ሂጂ። እዚያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ዳግም የሠሩት የሕንፃ ፍርስራሽ አለ። በተጠረበው ድንጋይ ላይ አበባና ቅስት ተቀርጿል። የትኛው የእሌኒ፣ የትኛው የኢየሱሳውያን ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ግንበኞች የሮምን ፍርስራሽ እየለኩ የሚማሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከዚያ ጥርብ ውስጥ የትኛው መስመር ከሮም እንደመጣ፣ የትኛው የአገራችን እጅ እንደሆነ መለየት ለአንድ ተማሪ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል። ከቤትሽ የሩቅ ሩቅ አይደለም።

፮. መጽሐፍ ሲሻገር መልኩን ይለውጣል፤ ሁሉንም ምስክር ስሚ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን፣ አርስጣጣሊስ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይመክራሉ፤ አነጋገራቸው ግን የገዳም አባት ይመስላል። በዜና እስክንድር ደግሞ የመቄዶንያው እስክንድር እግዚአብሔርን የሚፈራ ጻድቅ ሆኗል። ይህን አይተሽ «የተበላሸ ትርጉም ነው» አትበዪ። ሰዎቻችን ከግሪክ ምን እንደፈለጉ የምታውቂው ከዚያ ለውጥ ነው። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ መጽሐፈ ፈላስፋን በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ይህ ስለገባቸው ነው።

አሁን ደግሞ የሚከብደውን ልንገርሽ። የኒቂው ዮሐንስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ግብፃዊ ጳጳስ ነው፤ ከአዳም አንሥቶ እስከ ዐረቦች ግብፅን መያዝ ድረስ ታሪክ ጻፈ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል። የዐረብኛውም ጠፍቷል። በ1594 ዓ.ም. በንግሥት ማርያም ሥና ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ቀረ። በዐረቦች የግብፅን መያዝ የሚያጠና የአውሮፓ ሊቅ ሁሉ የእኛን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሂፓትያ ነገር አለ። ሂፓትያ የእስክንድርያ ሴት ናት፤ የሒሳብ ሊቁ የቴዎን ልጅ፣ ራሷም ሒሳብና ፍልስፍና ታስተምር የነበረች። እ.ኤ.አ. በ415 ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች ከመንገድ ይዘው ገደሏት። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ቄርሎስ ነበር፤ እኛ በስሙ የምንጠራው መጽሐፍ ያለን፣ የሃይማኖታችን መምህር። የኒቂው ዮሐንስ ሴትዮዋን ጠንቋይ ያደርጋታል፤ ገዳዮቿንም ያመሰግናል። በዘመኑ ቁስጥንጥንያ የነበረ ሶቅራጥስ የሚባል ሌላ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ያንኑ ግድያ ጽፎ፣ ነገሩ በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ታላቅ ነቀፋ እንዳመጣ ይናገራል።

ሁለቱም ክርስቲያን ናቸው። አንዱ ለነገሩ ቅርብ ነበረ፣ ሌላው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ጻፈ። እንግዲህ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ለቤተ ክርስቲያን አዝነሽ አትደብቂው፤ ቤተ ክርስቲያንን ለመስደብም አትሩጪበት። ሁለቱን ምስክሮች አስቀምጪ፤ ማን መቼ፣ ከየት፣ ለማን ብሎ እንደጻፈ ንገሪን። ሂፓትያ ምን እንደጻፈች፣ ምን እንዳስተማረችም ፈልጊ። እኔ የግል ሐሳቤን ብትጠይቂኝ፣ ያቺ ሴት በግፍ ተገድላለች እላለሁ፤ ያንን ለማለት ሃይማኖቴን መተው አላስፈለገኝም።

፯. የአባትሽን ደብተር አውጥተሽ አንብቢ

የመሬት ደብተሩን ማለቴ ነው። በክልላችን እያንዳንዱ ገበሬ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አባትሽ ያለው ይዞታ ነው፤ ያርሰዋል፣ ያወርሰዋል፣ አይሸጠውም። አንድን ነገር በእጅ አድርጎ መጠቀምና ባለሀብቱ መሆን ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው ብለው አጥብቀው የለዩት የሮም የሕግ ሊቃውንት ናቸው። ያ ልዩነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ገብቷል፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ሥሩ ሮም ነው። ሕጉ 3367 አንቀጽ አለው። ወረዳ ፍርድ ቤት ስለ ውል፣ ስለ ይርጋ፣ ስለ ውርስ ክርክር ሲሰማ የምታዳምጪው ብዙው ነገር የዚያ ቤት ቋንቋ ነው።

ከዚያ በፊትም ሮም በሌላ በር ገብታ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ሥጋዊውን ነገር የሚመለከተው ክፍል ከቁስጥንጥንያ ነገሥታት ሕግ ብዙ ወስዷል፤ እነሱ ደግሞ ራሳቸውን ሮማውያን ብለው የሚጠሩ ነበሩ። ያለ ፍትሐ ነገሥት የሮም ሕግ በእኛ አገር ስንት ዘመን እንደኖረ አታውቂም። አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል፤ እንግሊዝኛውን ከግእዙ ጋር እያስተያየሽ አንብቢው።

፰. ሮም በእኛ ላይ እንዴት እንደተጠራች አትርሺ

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሮም ላይ ከሰገነት ሆኖ የሮም ግዛት ዳግም መነሣቱን አወጀ። የፓርቲው ምልክት በጥንት የሮም ሹማምንት ፊት ይያዝ የነበረው መጥረቢያ የገባበት የበትር እስር ነበር፤ ፋሽስት የሚለውም ስም ከእሱ ይወጣል። እነ በላይ ዘለቀ በብቸናና በአካባቢው አምስት ዓመት የተዋጉት ጦር የአውግስጦስ ወራሽ ነኝ እያለ የመጣ ነው። ይህን የሚያነሣ የአውሮፓ መጽሐፍ ጥቂት ነው። አንቺ አንሺው፤ ለምን ቢሉ፣ የጥንት ታሪክ ለጥፋት ምክንያት ሲደረግ አያቶችሽ ዓይተዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ጎዛምን ተወልዶ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማረ የእኛው ልጅ ነው። ሲማረክ ወደ ጣልያን ወስደው በፖንዛ፣ ቀጥሎም በሊፓሪ ደሴት አሰሩት። ፖንዛ የጥንት የሮም ነገሥታት የማይፈልጓቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያግዙባት ደሴት ነበረች። ፍቅር እስከ መቃብርን ስታነቢ ጸሐፊው ያንን ደሴት ዓይቶ የተመለሰ ሰው መሆኑን አስቢ።

ጣልያኖች ከአክሱም የወሰዱትን 24 ሜትር ሐውልት ሮም ላይ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ተከሉት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ በዚያ ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሩጫው ራሱ የማራቶንን ጦርነት የሚያስታውስ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ የተጀመረ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ጥንታዊነት በዛሬ ሰው ላይ ምን ይሠራል ብለው ፈተና ላይ ቢጠይቁሽ ይህችን አንድ ሌሊት ጻፊላቸው።

፱. ቱኪዲደስን አሁን አንብቢው፣ ለነገ አታቆዪው

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድ ተቋርጦ በከረመበት አገር ላይ ሆነሽ ነው ይህን የምታነቢው። ከግሪክ ጸሐፊዎች አንድ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ቱኪዲደስን እመርጥልሻለሁ። የአቴንስ የጦር መሪ ነበር፤ አምፊፖሊስ የምትባል ከተማ ከእጁ ወጣችና አገሩ አባረረው፤ ሃያ ዓመት በስደት ኖረ። በአቴንስ ወረርሽኝ ታሞ ተርፏል፤ የበሽታውንም ምልክት እንደ ሐኪም አድርጎ ጽፎታል።

በጻፈው የጦርነት ታሪክ፣ በሦስተኛው መጽሐፍ፣ የኮርኪራን ደሴት የእርስ በርስ ጦርነት ተመልከቺ። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አባት ልጁን የገደለበት ነው። ቃላት ሁሉ ትርጉማቸው መለወጡን ያሳያል፤ ችኩልነት ጀግንነት ተባለ፣ አስተዋይነት ፍርሃት ተባለ፣ ከመሀል የቆመው በሁለቱም ወገን ጠፋ። ይህንን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ስለሆነ ነገር ነው የጻፈው። እኔ ባነበብሁት ቁጥር ደረቴ ይከብደኛል። ወገን ሳይለይ የወገኑንም በደል የጻፈ ሰው ነው፤ እንዲህ መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በዚህ ዘመን የኖርሽ አንቺ ከማንም በላይ ይገባሻል። ያየሽውን ቀን በቀን በደብተርሽ መዝግቢ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከማን እንደሰማሽው። የሰማሽውንና ያየሽውን አታደባልቂ። እሱም የሠራው ይህንን ነው።

፲. ወደ ማን እንደምትሄጂ

ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ባንቺ ጉዳይ፣ በኢትዮጵያና በግሪክ ሮማው ዓለም ግንኙነት ላይ ነው። እስከ 1270 እ.ኤ.አ. ያለውን ታሪካችንን የጻፉበት የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ለአንቺ የመጀመሪያ ካርታ ይሆናል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ሽባ ከሆኑ በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩ የግእዝ መጻሕፍትን ሲመረምሩ ኖሩ። በአማርኛ የጻፉት ባሕረ ሐሳብ የሚለው መጽሐፋቸው አለኝ፤ አባትሽ ሲመጣ እልክልሻለሁ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት አለ፤ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም እወቂው። ኔትወርክ ባገኘሽ ጊዜ ጌታቸው የሠሩበት የሚኒሶታው ሂል ሙዚየም የብራና ፎቶዎቹን በነፃ ያስነብባል። ፐርሲየስ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍትም የግሪኩንና የላቲኑን ጽሑፍ ከነትርጉሙ በነፃ ያቀርባል፤ ቃሉን ስትነኪው ርባታውን ይፈታልሻል። ያገኘሽውን ስልክሽ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ መስመሩ መቼ እንደሚቋረጥ አይታወቅምና።

ዘንድሮ ግእዝሽንና የግሪክ ፊደሉን ጨርሺ፤ ሌላውን አትንኪ። የ2019ን ፋሲካም ሠርተሽ ላኪልኝ። መጥቅዑ ከ14 ያንሳል፤ ስለዚህ መስከረም ላይ እንዳታውዪው፣ ወደ ጥቅምት ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ከነሙሉ ስሌቱ ላኪው፤ የስሕተቱን መስመር አስምሬበት እመልስልሻለሁ።